ሰዓትም ስፍር ነው፦ የኮምፒውተር ባለሙያ የእጅ ዋጋ በኢስላም ዕይታ

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ፣ በማንም መሥሪያ ቤት ሳይቀጠር በግሉ እየተዋዋለ የሚሠራ ወጣት ለአንድ ሰዓት ሥራው ስንት ብር መጠየቅ አለበት? ይህ የዓለማዊ ሰዎች ጥያቄ ነው ብላችሁ ሬዲዮውን አትዝጉ። ጥያቄው የመጣልኝ ከመስጊድ ነው፤ የመጣውም በእኔው ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በማሰግድባት በቆሰበር ከተማ የኛ ጀመዓ እድር አለው። የአባላት ወርሃዊ መዋጮ፣ የቀረ ዕዳ፣ ለለቅሶ የወጣ ወጪ ሁሉ በአሮጌ ደብተር ነበር የሚያዘው። ከጀመዓው ልጆች አንዱ የኮምፒውተር ትምህርት ተምሮ የተመረቀ ነውና ጠርተን ‹‹ይህን መዝገብ በኮምፒውተር አድርግልን፤ ላንተ እኮ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው›› አልነው። ዋጋ አላነሳንም። እሱም አፍሮ አላነሳም። ሲሠራልን መጀመሪያ የስም ዝርዝር ብቻ ነበር የፈለግነው። ቀጥሎ የቤተሰብ አባላት ይግቡበት አልን። ቀጥሎ መዋጮ ላልከፈለ ሰው በስልክ መልእክት ይላክ አልን። ሁለቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ። ሲጨርስ ‹‹ጀዛከላሁ ኸይረን›› ብለን አሰናበትነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዐስር ሶላት ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ‹‹ኡስታዝ፣ የምጠይቅዎ ነገር አለ፤ ግን እርስዎንም የሚነካ ነው፤ ቅር እንዳይልዎ›› አለኝ። በል አልኩት። ‹‹የናንተን ሥራ ስሠራ አዲስ አበባ ያለ ደንበኛዬ ሥራው ዘገየብኝ ብሎ ለሌላ ሰጠው። እናቴ ደግሞ ‹ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ስትቀመጥ ምን ይዘህ መጣህ?› ትለኛለች። አሁን ዋጋ ብጠይቅ አጅሬ ይጠፋል? ካልጠየቅሁስ የእናቴን ቀለብ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ጠይቅ ብትሉኝ እንኳ የኔ ሰዓት ስንት እንደሆነ አላውቅም›› አለኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በሚንበር ላይ ቆሜ የሠራተኛን ደሞዝ ላቡ ሳይደርቅ ስጡ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት ግን አንገቴን ደፋሁ። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ኪታቡንም፣ ሒሳቡንም ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነውን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

የእጅ ሥራ ክብር

በመጀመሪያ፣ በእውቀትና በእጅ ሠርቶ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰው ከእጁ ሥራ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለና ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። እሳቸውም ራሳቸው በልጅነታቸው ለመካ ሰዎች በክፍያ በግ ጠብቀዋል። ዋገምት የሠራላቸውን ሰው ዋጋውን ከፍለዋል። በሂጅራ ጊዜም መንገድ መሪ ቀጥረዋል፤ ያ ሰው ሙስሊም አልነበረም፤ የተመረጠው በሙያውና በታማኝነቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው እውቀት ያለው ሰው በእውቀቱ ሊከራይ እንደሚችል፣ ሙስሊም ካልሆነ ሰውም ጋር መዋዋል እንደሚፈቀድ ነው።

በጎ አድራጎትስ? ለአላህ ብሎ በነጻ የሠራ ሰው ታላቅ አጅር አለው። ነገር ግን በጎ አድራጎት የሚሆነው ሰጪው ፈቅዶ ሲሰጥ ነው። በይሉኝታ የተወሰደ ነገር ስጦታ አይባልም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ አንዳችን የሌላችንን ገንዘብ ያለ አግባብ እንዳንበላና ንግዳችን በመዋደድ ላይ እንዲቆም አዝዞናል። የሰው ጉልበትና ሰዓት ደግሞ ገንዘቡ ነው።

ሁለት ዓይነት ቅጥር

የፊቅህ ሊቃውንት የሰውን ሥራ መከራየት ‹‹ኢጃራ›› ይሉታል፤ ክፍያውም ‹‹ኡጅራ›› ይባላል። ተቀጣሪውን በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ጊዜውን የሚያከራይ ነው፤ ለምሳሌ በወር ደሞዝ የተቀጠረ እረኛ ወይም ጸሐፊ። ይህ ‹‹አጂር ኻስ›› ይባላል፤ በተዋዋለበት ጊዜ ራሱን ለሥራው ካቀረበ ደሞዙ ይገባዋል። ሁለተኛው ሥራውን የሚያከራይ ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ሸማኔ። ይህ ‹‹አጂር ሙሽተረክ›› ይባላል፤ ብዙ ደንበኛ ይኖረዋል፤ ዋጋው የሚገባውም ሥራውን አጠናቆ ሲያስረክብ ነው።

ሸማኔ በሰፈራችን ያለ ሙያ ስለሆነ በእሱ እንመስለው። ፈትሉን ደንበኛው ያመጣል፤ ሸማኔው ‹‹ለጋቢው የእጅ ዋጋ ይህን ያህል›› ይላል። ጋቢው ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ጥለቱ ምን እንደሚመስል ከመጀመሪያው ይታወቃል። የኮምፒውተር ሥራ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ደንበኛው የሚፈልገውን በደንብ የሚያውቀው ሥራው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው። ጋቢ አዝዞ መሐል ላይ ኩታ ይሁንልኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ነጠላ ይጨመርልኝ እንደማለት ነው። የኛ እድር ያደረገው ይህንኑ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ በቁርጥ ዋጋ ሲያዝ ከሁለት አንዱ ይጎዳል። በሰዓት ማስላት የመጣው ለዚህ ነው፤ ደንበኛው በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ ይጨምራል፤ ባነሰ ቁጥር ይቀንሳል።

ነገር ግን በሰዓት ስንዋዋል አንድ የፊቅህ ጥያቄ ይነሳል። የአንዱ ሰዓት ዋጋ ታውቋል፤ ጠቅላላው ሰዓት ግን አልታወቀም። ይህ ውሉን የሚያበላሽ አለመታወቅ ነው ወይስ አይደለም? ዑለማዎች ‹‹ቤቱን በየወሩ በአንድ ዲርሃም›› ብሎ መጨረሻውን ሳይወስን ስለሚከራይ ሰው ተነጋግረዋል። በሻፊዒዮች ዘንድ እንዲህ ያለው ውል አይጸናም። በሐነፊዮች ዘንድ ለመጀመሪያው ወር ይጸናል፤ ቀጣዩም ሲገባ እንዲሁ። ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ፤ ከማስረጃቸውም አንዱ ሰይዲና ዐሊ (ረ.ዐ.) በችግር ጊዜ ለአንድ ሰው ውኃ እየቀዱ ለያንዳንዱ ባልዲ አንድ ተምር ይቀበሉ እንደነበር የተዘገበው ነው። የባልዲው ብዛት አስቀድሞ አልታወቀም፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ግን ታውቋል።

ከኺላፉ ለመውጣት ቀላል መንገድ አለ። ‹‹በሰዓት ይህን ያህል ነው፤ ከ40 ሰዓት ግን አይበልጥም፤ ከበለጠ ቆመን እንደገና እንነጋገራለን›› ብሎ ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። ይህ ለዲንም ጥንቃቄ ነው፤ ደንበኛውም ያላሰበው ዕዳ አይመጣበትም፤ ሠራተኛውም በነጻ አይሠራም።

ዋጋን ማን ይተምናል?

በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰሓቦች ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ተመን እንዲያወጡ ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ተመን አድራጊው አላህ እንደሆነ ተናግረው፣ ማንንም በገንዘቡ በድለው ከአላህ ጋር መገናኘት እንደማይሹ መልሰዋል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለዚህ ሸሪዓ ‹‹ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በሰዓት ይህን ያህል ይቀበል›› ብሎ አልደነገገም። ዋጋው የሁለቱ ወገኖች ውዴታ ነው።

ዋጋ ሳይነገር ሥራው ካለቀስ? እዚህ ላይ ዑለማዎች ‹‹ኡጅረቱል ሚስል›› የሚሉት አለ፤ ማለትም በዚያ አገርና በዚያ ጊዜ የሙያው አምሳያ የሆነ ሰው ለተመሳሳይ ሥራ የሚቀበለው ዋጋ። በዋጋ በመሥራት የሚታወቅ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ጨርቅ የሰጠ ሰው፣ ዋጋ ባያነሱም እንኳ፣ ልማዱ የሚያውቀውን ዋጋ መክፈል እንዳለበት የገለጹ ሊቃውንት አሉ። ይህን ለልጁ ሳነብለት እሱ ዝም አለ፤ እኔ ግን ዕዳ እንዳለብን ገባኝ።

ስሌቱ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ወረቀት አውጥቶ እንዲህ አሰበ፦ ‹‹ለቤቴ በወር 25,000 ብር ያስፈልገኛል። በሠራተኛ ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል፤ ይህ በወር ወደ 208 ሰዓት ይሆናል። 25,000ን ለ208 ሳካፍል 120 ብር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የኔ ሰዓት 120 ብር ነው።››

ሒሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ግን ሦስት ነገር ረስቷል።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ሁሉ የሚከፈልበት አይደለም። ደንበኛ ፍለጋ፣ መልእክት መጻጻፍ፣ አዲስ ነገር መማር፣ መብራት ሲጠፋ መጠበቅ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ል. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም፤ ያን ጊዜ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ቀለቡ ምን ላይ እንደወደቀ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ዒዶች፣ ሕመምና ለቅሶ አሉ። ቁጭ ብለን ስናሰላው በዓመት 48 ሳምንት፣ በሳምንት 25 የሚከፈልበት ሰዓት ቢያገኝ ደግ ነው። ይህ በዓመት 1,200 ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፣ የተቀጠረ ሰው ያለው፣ እሱ ግን የሌለው ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ፈቃድ አለው። ለጡረታም አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው። ነገ ሲደክም የሚበላውን ዛሬ ካላስቀመጠ የሚያስቀምጥለት የለም።

ሦስተኛ፣ የሥራ ዕቃ ያልቃል። በአካባቢያችን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የምንለውን ግራር ተክሎ ከሰል እያከሰለ ይሸጣል። የጆንያና የጭነት ወጪውን ብቻ አስቦ የሚሸጥ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ዛፉ መሬቱን ይዞ የቆየበትን ዓመታት ግን አልቆጠረም። የኮምፒውተር ሥራም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ይለወጣል፤ የተማረበት ዘመንም ዋጋ አለው።

እንግዲህ እንደገና ስናሰላው የዓመቱ ፍላጎት እንዲህ ሆነ፦

የቤት ወጪ፦ 25,000 ብር በ12 ወር፣ 300,000 ብር።
ኢንተርኔት፦ 2,000 ብር በ12 ወር፣ 24,000 ብር።
ኮምፒውተር፦ 90,000 ብር ለሦስት ዓመት፣ በዓመት 30,000 ብር።
ለመብራት መጥፊያ ባትሪና ጥገና፦ 12,000 ብር።
በጡረታ ፋንታ ቁጠባ፣ የቤት ወጪው 18 በመቶ፦ 54,000 ብር።
ሥራ ለሚጠፋበትና ደንበኛ ለሚክድበት ጊዜ መጠባበቂያ፦ 60,000 ብር።
ድምር፦ 480,000 ብር።

480,000 ለ1,200 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 400 ብር ይመጣል፤ ይህም ከግብር በፊት ነው። ግብሩ እንደ ግብር ከፋዩ ደረጃ ስለሚለያይ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መጨመር ነው። በ120 ብር ቢቀጥል ኖሮ በ1,200 ሰዓት የሚያገኘው 144,000 ብር፣ ማለትም በወር 12,000 ብር ብቻ ነበር። ከቤት ወጪው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልጁ ‹‹ለካ ስሠራ የምደኸየው ሰንፌ አልነበረም›› አለ።

እነዚህ ቁጥሮች የአንድ ቤት ቁጥሮች ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት። ደግሞም ይህ ወለሉ ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ከወለሉ በታች ከወረድህ ራስህንና ቤተሰብህን ትጎዳለህ፤ ከወለሉ በላይ ስንት እንደሚሆን ግን ችሎታህ፣ የሥራው ክብደትና ገበያው ይወስኑታል። ጀማሪ ሰው ችሎታው ገና ከሆነ አንድን ሥራ 10 ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፤ የበቃው በ3 ሰዓት ይጨርሰዋል። ለደንበኛው በሰዓት 400 የሚጠይቀው ባለሙያ በሰዓት 150 ከሚጠይቀው ጀማሪ ሊረክስ የሚችለው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው 1,200 ብር፣ ሁለተኛው 1,500 ብር ያስከፍላልና።

ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩ ደግሞ የምንዛሪውን ነገር ያስቡበት። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ል. ዋዜማ 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የዓመት ውል የያዘ ሰው የኮምፒውተሩ ዋጋ ሲወጣ ክፍያው ባለበት ቆመ። በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ዕዳ የሚከፈለው በተዋዋሉበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ኋላ ከመጨቃጨቅ በፊት ‹‹በምን ገንዘብ? ዋጋውስ በየስንት ወሩ እንደገና ይታያል?›› የሚለውን መነጋገር ይበጃል። እንደ አፕወርክ ያሉ አገናኝ መድረኮችም ከክፍያው ላይ የራሳቸውን ድርሻ ስለሚቆርጡ እሱንም ከሒሳቡ ማስገባት ነው።

ሰዓቱን አትስረቅ

አሁን ደግሞ ወደ ሠራተኛው ዞር እንበል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጠፊፊን መጀመሪያ ላይ ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን አስጠንቅቋል። የእህል ነጋዴ ስፍሩ ቁና ነው፤ የቅቤ ነጋዴ ሚዛን ነው። የዚህ ባለሙያ ስፍር ሰዓቱ ነው። 3 ሰዓት ሠርቶ 5 ብሎ የጻፈ ሰው ቁናውን እንዳጎደለ ነው።

ይህ ፈተና ከሌላው የሚከብደው የሚያይ ስለሌለ ነው። ደንበኛው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ነው። የጠቀስኩት መድረክ ሠራተኛው ሰዓቱን በሚያስመዘግብበት ጊዜ በየ10 ደቂቃው ክፍል የኮምፒውተሩን ገጽ ፎቶ ያነሳል። ሰዎች ለገንዘባቸው ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ቀኝና ግራ የሚጽፉ መላእክት እንዳሉ የሚያምን ሙስሊም ያለ ፎቶም መጠንቀቅ ነበረበት።

ልጁ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ ‹‹አሁን ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ድሮ 10 ሰዓት የሚፈጀውን በ2 ሰዓት ብጨርሰው 10 ብዬ መጻፍ እችላለሁ?›› አይቻልም አልኩት፤ በሰዓት ከተዋዋልህ የሠራኸው 2 ነውና። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሪያው በግልጽ የሚታወቅ ከሆነ በሰዓት መዋዋል ግዴታ አይደለም፤ እንደ ሸማኔው በሥራው ልክ ‹‹ለዚህ ሥራ ይህን ያህል›› ብለህ ተዋዋል። ያን ጊዜ በፍጥነት መጨረስህ ያንተ ሲሳይ ነው፤ መዘግየትህም ያንተ ዕዳ ነው። ሐላል መንገድ እያለ ውሸት ምን ያደርጋል?

የራስን ስሕተት ማረሚያ ሰዓትስ? በቸልተኝነት ያበላሸኸውን በደንበኛው ገንዘብ አታርም። የሙያህን መሠረት የምትማርበት ሰዓትም ያንተ ነው፤ በሰዓት ዋጋህ ውስጥ ገብቷል። የደንበኛውን የተለየ አሠራር ለማወቅ የሚፈጀው ሰዓት ግን አስቀድሞ ከተነገረው የሥራው አካል ነው።

ሥራውም ሐላል መሆን አለበት። ለቁማር ወይም ለወለድ ማስያ የሚሆን ፕሮግራም በሰዓት ብዙ ብር ቢከፈልበትም በረካ የለውም። በተገኘው ላይ ደግሞ ዘካ አለ፤ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ጋር የተስተካከለ ቁጠባ አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣበታል።

የአሠሪው ድርሻ

ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) በመካ አንጥረኛ ነበሩ። ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሠርተው ዋጋቸውን ሊቀበሉ ሲሄዱ ሙሐመድን ካልካድህ አልከፍልህም አላቸው። እሳቸውም አልካዱም። ሰውየው ደግሞ ከሞት ከተነሳሁ እዚያ ገንዘብ ሲኖረኝ እከፍልሃለሁ እያለ አላገጠባቸው። በዚህ ምክንያት የሱረቱ መርየም 77ኛው አንቀጽና ተከታዮቹ እንደወረዱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የአንድ የእጅ ሠራተኛ ዋጋ መከልከል ቁርኣን የወረደበት ጉዳይ ነው። አሠርቶ ዋጋ ያልከፈለ ሰው በቂያማ ቀን ተከራካሪው አላህ ራሱ እንደሚሆን በሐዲሰል ቁድስ ተነግሯል።

በዚህ በፈረስ በሚታወቀው በአዊ አገራችን ደግሞ የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ.) ታሪክ ማንሳት ደስ ይለኛል። ሎሌያቸው ፈረስ በ300 ገዝቶላቸው መጣ። ጀሪር ፈረሱን አዩትና ለባለቤቱ ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ ዋጋውን ራሳቸው ከፍ እያደረጉ በ800 ገዙት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ለማንኛውም ሙስሊም ቅን ለመሆን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል መግባታቸውን ተናገሩ። ዛሬ ጀማሪው ልጅ ዋጋውን ባለማወቅ 120 ሲል ‹‹እሰይ፣ ረከሰልኝ›› የምንል ስንቶቻችን ነን?

በሥራ መሐል መጨመርን በተመለከተ የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ውል ትልቅ ትምህርት ነው። በሱረቱል ቀሰስ እንደተነገረን የመድየኑ ሽማግሌ የተዋዋላቸው ለ8 ዓመት ነው፤ 10 ቢሞሉ በውዴታቸው እንደሆነ፣ ሊያስቸግራቸውም እንደማይሻ ከመጀመሪያው ነገራቸው። ግዴታውና ተጨማሪው ተለይተው ታውቀዋል። እኛ ግን ለልጁ ‹‹ይህችን ብቻ ጨምርልን›› እያልን 8ቱን 10፣ 10ሩን 20 አደረግንበት።

ውሉን መጻፍ

በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳን እንድንጽፍ፣ ትንሽም ትልቅም ቢሆን ከመጻፍ እንዳንሰለች መክሮናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሥራ ውልንና የእውቀት ሥራ ውልን ያውቃቸዋል። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እነዚህ ስድስት ነገሮች ቢሰፍሩ ብዙ ጠብ ይቀራል፦

1. ሥራው ምን ምን እንደሚያካትት፣ ምን እንደማያካትት።
2. የሰዓቱ ዋጋና የሚከፈልበት ገንዘብ።
3. የሰዓቱ ጣሪያ፤ ሲደርስ ቆሞ መነጋገር።
4. ሰዓቱ እንዴት እንደሚመዘገብና ደንበኛው መቼ እንደሚያየው፤ በየሳምንቱ ቢሆን መልካም ነው።
5. ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈል።
6. መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጊዜው እንዴት እንደሚራዘም።

‹‹ከወንድሜ ጋር ምን ያጻጽፈናል?›› አትበሉ። ወንድማማችነትን የሚያፈርሰው ወረቀት አይደለም፤ ያልተነገረ ነገር ነው።

ለእናቶችና ለአባቶች

ቤት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ወይም ሴት ልጃችሁ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ሥራ ላይ መሆናቸውን እወቁላቸው። ሱቅ የከፈተን ልጅ ደንበኛ እያስተናገደ ሳለ ተነስ ውኃ ቅዳ አትሉትም። ይህኛው ሱቅ በር ስለሌለው ብቻ የተዘጋ አይደለም። ዘመድም ‹‹ስልኬን አስተካክልልኝ፣ ድረ ገጽ ሥራልኝ›› ሲል ቢያንስ ዋጋውን ይጠይቅ፤ ልጁ ከተወለት ያኔ ሰደቃ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ል. ክረምት ጀምሮ በአገራችን አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮድ ለማስተማር የተጀመረ ፕሮግራም አለ፤ እዚሁ ከተማችንም ዩኒቨርሲቲ አለን። በየቤታችን እንዲህ ያለ ሙያተኛ እየበዛ ነው። ሙያውን ተምረው ዋጋውን ሳያውቁ ከቀሩ ግን ድካማቸው የሌላ ሰው ትርፍ ሆኖ ይቀራል።

የኛ ጉዳይ መጨረሻ

የኛ እድር ነገር እንዴት እንዳለቀ ሳልነግራችሁ ብዘጋው ትክክል አይሆንም። የእድሩን ሰዎች ሰብስቤ ጥፋቱ ከእኔ እንደጀመረ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ ‹‹ለመስጊድ ልጅ ደግሞ ምን ክፍያ አለው?›› ብለው ተቆጡ። ‹‹አባባ፣ እርስዎ ለመስጊዱ በር ሲሠሩ አናጢውን ከፍለውት የለም?›› ብላቸው ዝም አሉ። በሙያው ያሉ ሁለት ሰዎችን ጠየቅን፤ እንዲህ ላለ ሥራ በሰዓት ከ350 እስከ 450 ብር ይገባዋል አሉን። በ400 ተስማማን። ልጁ የመዘገበውን ሲያመጣ 60 ሰዓት ነበር፤ ‹‹ከዚህ ውስጥ 9ኙ የራሴን ስሕተት ያረምኩበት ነው፤ አላስከፍላችሁም›› ብሎ ራሱ ቀነሰው። 51 ሰዓት፣ 20,400 ብር ሆነ። 8,400ውን ወዲያው ከፈልን፤ ቀሪውን 12,000 በሁለት ወር። ለእናቱም ሄጄ ልጃቸው ሦስት ሳምንት ምን ሲሠራ እንደነበር ራሴ ነገርኳቸው።

አጅሩ ይጠፋል ወይ ብሎ የጠየቀኝን አልረሳሁትም። ዋጋውን በመጠየቁ አጅሩ አልጠፋም፤ እናቱን በሐላል ሊያበላ የሠራ ሰው ነውና። ባንከፍለው ኖሮ ግን የምንጠየቀው እኛ ነበርን።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰፍረው ከሚያጎድሉት ሳይሆን ሰፍረው ከሚሞሉት ያድርገን፤ ሐላል ሲሳይ ይስጠን፤ በሰጠንም በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።